መኪናዋ ዝም ያለች ዕለት

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። ሻማውም ይቅር። ይህን ነገር በጨለማ መስማት ይሻላል። በሩን ግን መለስ አድርጉት።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ልንገራችሁ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ቀን አይደለም፣ ሌሊትም አይደለም። ከሩቅ የሚመጣው ሰው ወንድ ይሁን ሴት የማይለይበት ሰዓት ነው። መንገዱንም ልንገራችሁ። ከደጋው ከተማ ወደ ታችኛው መንደር የሚወርድ የጠጠር መንገድ ነው። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ጥምዝ አለ። ከጥምዙ ሥር ወንዝ አለ ይባላል እንጂ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ጭጋግ አይለየውም። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። የምነግራችሁ ሰዎች ዘመዶች ዛሬም እዚያው አሉ።

በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ አንድ ሰው ነበር። ቢያድግልኝ ይባላል። የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሚስቱ የውብዳር ትባላለች፤ እሷ አስተማሪ ናት። ቤታቸው ከታች ነው፣ ሥራቸው ከላይ። ጠዋት አብረው ይወጣሉ። እሷን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያወርድና እሱ ወደ ቢሮው ያልፋል። ማታ ሲመለስ እዚያው በር ላይ ያነሳትና አብረው ይወርዳሉ። ሰው ያውቃቸዋል፤ ውሻው ሁሉ ያውቃቸዋል።

መኪናቸው ነጭ ፔጆ ናት፤ አራት መቶ አራት የሚሏት። ከየውብዳር አባት የወረሷት ናት። ያኔም አሮጌ ነበረች። መልኳን ብታዩት ግን ሙሽራ ናት፤ ቢያድግልኝ እሑድ እሑድ ሲያብሳት ነው የሚውለው። መልኳ እንዲያ ነው። ጩኸቷስ?

ጩኸቷን ተዉት! ሞተሩ ያጉረመርማል፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ያገሳል፣ በሮቹ ይንቀጫቀጫሉ፣ ወለሉ ከጠጠሩ ጋር ይጣላል። መስኮቷ ተዘግቶ እንኳ ነፋሱ በጎን እየገባ ያፏጫል። መንደርተኛው "የቢያድግልኝ ወፍጮ" ነበር የሚላት። ገና ጥምዙ ጋ ስትደርስ ታች መንደር ትሰማለች። ሴቶቹ "ወፍጮው መጣ፣ ከብቱ ይግባ" ይባባላሉ።

ማነው የሳቀው? ሳቅ። አሁን ነው መሳቅ።

እንግዲህ ስለ የውብዳር ድምፅ ልንገራችሁ። የውብዳር በልጅነቷ ድምፅ ነበራት። እንዲያው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሠርግ ላይ እሷ ካልዘፈነች ሠርጉ ሠርግ አይባልም ነበር። ሙሽራ ሆና ወደ መንደሩ የመጣች ሰሞን፣ ማታ ማታ እስከ ጥምዙ ወጥታ ባሏን ትጠብቀው ነበር። ያኔ መኪናም የለ፣ በእግሩ ነው የሚመጣው። ጥምዙ ላይ ትቆምና "ቢያድጌ!" ብላ ትጣራለች። ገደሉ ተቀብሎ "ቢያድጌ… ቢያድጌ…" ይላል። እሱም ከላይ ሆኖ ይሰማታል። እየሮጠ ይወርዳል።

በዚያ አገር ሽማግሌዎች ስለ ገደል ማሚቶ አንድ ነገር ይላሉ። ገደል ማሚቶ የሰማችውን ትመልሳለች፣ ሁሉን ግን አትመልስም፤ የወደደችውን ታስቀራለች ይላሉ። የሽማግሌ ወሬ ነው። ማን ያምናል?

ዓመታት አለፉ። የውብዳር አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባት። ትንሽ ነው ሲሉ አደገ። አደገና መተንፈሻዋን ተጫናት። ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሞቹ አስቀድመው "እንቅርቱ ነርቭ ላይ ተጣብቋል፣ ድምፅሽን ታጪ ይሆናል፣ ነፍስሽ ግን ትተርፋለች" አሏት። እንዳሉትም ሆነ። ነፍሷ ተረፈች፣ ድምፅዋ ሄደ። ጨርሶ አልሄደም፤ ሻካራ ትንፋሽ ሆኖ ቀረ። እንጨት ላይ አሸዋ ወረቀት ሲሄድ እንዴት ነው? እንደዚያ። ክፍል ስትገባ በእጇ ታጨበጭባለች፤ ልጆቹም እሷን ለመስማት ሲሉ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

ቤት ውስጥ ባልና ሚስቱ ይግባባሉ፤ ጠጋ ብሎ ይሰማታል። መኪና ውስጥ ግን እንዴት ይስማት? ፔጆዋ እንደሆነች ወፍጮ ናት። የውብዳር ከጎኑ ተቀምጣ ትናገራለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። "እሺ" ይላል። ምን እንዳለች ግን አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት እንዲሁ ተናገረች። "እሺ" አላት። ማታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አነሳት፣ በቀጥታ ወደ ቤት ይዟት ወረደ። ቤት ሲደርሱ አልወርድም አለች። ዞር ብሎ ሲያያት ታለቅሳለች።

"ምን ሆንሽ የውቤ?"

ሞተሩን ሲያጠፋ ነው የተሰማችው። "እናቴ ታማለች፣ ዛሬ ከሥራ ስንወጣ እሷ ጋ እንሂድ አልኩህ። እሺ አልከኝ።"

"መቼ?"

"ጠዋት። ዓይኔን እያየህ እሺ አልከኝ።"

ቢያድግልኝ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። በዚያው ማታ መኪናውን አዙሮ እናቷ ቤት ወሰዳት። ሲነጋ ደግሞ ለራሱ ማለ። ይህችን መኪና ዝም አሰኛታለሁ አለ።

ከተማው ውስጥ ኑርዬ የሚባል የመኪና ወንበር ሰፊ ነበር። ወሬኛና ሳቂታ ሰው። ቢያድግልኝ ወደሱ ሄደ።

"ኑርዬ፣ ይህች መኪና ዝም እንድትልልኝ እፈልጋለሁ።"

ኑርዬ ሳቀ። "አሮጌ መኪና የሚጮኸው እያመመው ነው፣ ጋሼ። ዝም ካለ እኮ ሞቷል ማለት ነው።"

"ሚስቴን መስማት አልቻልኩም፣ ኑርዬ።"

ኑርዬ ይህን ሲሰማ ሳቁን ተወ። ምንጣፉን ገልብጠው ወለሉን አዩት። ቆርቆሮው እርቃኑን ነው። ሬንጅ አቅልጠው ቀቡት፤ በላዩ ስፖንጅ አነጠፉ፤ በስፖንጁ ላይ ወፍራም ምንጣፍ። የበሮቹ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አዲስ ጎማ ገባላቸው። የመስኮቱ መስታወት የሚሄድበት ቦይ ላይ የከፈይ ጨርቅ ለጠፉ።

በዚያ ማታ የውብዳር ገባች፣ በሩን ዘጋች። በሩ ሲዘጋ "ዷ!" አላለም። "ድፍ" አለ። ተያዩ። ሄዱ። ትንሽ እንደሄዱ የውብዳር በመስኮት እያየች አንድ ነገር ተናገረች።

"የኮሶው ዛፍ አበበ።"

ቢያድግልኝ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። "ሰማሁሽ! የኮሶው ዛፍ አበበ አልሽ!"

"አዎ።"

"እስከዛሬ በዚህ መንገድ ስትናገሪ የኖርሽው ምን ነበር?"

የውብዳር ሳቀች። "ሌላ ምን እላለሁ? 'ቀስ ብለህ ንዳ' ነው የምልህ።"

እንዲህ ተሳስቀው ቤታቸው ገቡ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አይደለም እንዴ? ሰው ግን መች ይጠግባል!

ቢያድግልኝ ሌላ ጨመረ። ማርሚታውን አስቀየረ። ሞተሩ የሚቀመጥባቸውን ጎማዎች አስቀየረ። በኮፈኑ ውስጥ፣ በሞተሩና በመሪው መካከል ባለው ቆርቆሮ ላይ አሮጌ ባና ቆርጦ ለጠፈ። ሽቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፈ። መኪናዋ ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለች ሄደች። መንደርተኛው "ወፍጮው መጣ" ማለቱን ተወ፤ መምጣቷን የሚያውቀው በአጠገቡ ስታልፍ ሆነ። አንዲት ሴትዮ አህያዋን ስትነዳ መኪናዋ ከኋላዋ ደርሳባት ሳታውቅ፣ በድንጋጤ ቦይ ውስጥ ገባች። "ሰይጣን ነው እንዴ የሚነዳው?" ብላ ጮኸችበት። እሱ ሳቀ።

ከዚያ አንድ ማታ ጥምዙ ጋ ደረሱ። ጭጋግ ነው። ቢያድግልኝ እንጉርጉሮ ሰማ። ቀጭን እንጉርጉሮ፣ ዜማውን የሚያውቀው። የሠርግ ዜማ ነው።

"ታንጎራጉሪያለሽ እንዴ?" አላት።

የውብዳር ዞር ብላ አየችው። "እኔ? በዚህ ጉሮሮዬ?"

ቢያድግልኝ መንገዱን እያየ ነዳ። ጥምዙን አለፉ፤ እንጉርጉሮው ቀረ።

በሌላ ቀን የውብዳር ጉንፋን ይዟት ቤት ዋለች። ቢያድግልኝ ብቻውን ወጣ፣ ብቻውን ተመለሰ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጥምዙ ጋ ደረሰ። ሞተሩ አይሰማ፣ ጠጠሩ አይሰማ፣ ነፋሱ አይሰማ። የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። እና ከጎኑ፣ ልክ ከጎኑ፣

"ቢያድጌ!"

የየውብዳር ድምፅ ነው። የዛሬው አይደለም። የድሮው! ያ የሙሽርነቷ ድምፅ፣ ንጹሑ፣ እሱን እያስሮጠ ያወርደው የነበረው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትሮጡ ነበር? ታማትቡ ነበር? እሱ አላማተበም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሽማግሌዎቹ በማታ ስማችሁ ሲጠራ ደግሞ እስኪጠራችሁ አትመልሱ ይላሉ፤ ሰው ይደግማል፣ ያኛው ግን ካልመለሱለት አይደግምም። ቢያድግልኝ ይህን እያወቀ በመጀመሪያው ጥሪ፣

"አቤት!" አለ።

አቤት አለ። ሰማችሁ?

ቤት ሲገባ የውብዳር በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። "ደህና ገባህ?" አለችው፣ በዚያች ሻካራ ድምፅዋ። "ደህና" አላት። የሰማውን አልነገራትም። ለምን አልነገራትም? እሱም ኋላ ሲጠየቅ አላወቀውም። አፈረ መሰለኝ። ሚስቱ እዚያው ተኝታ ድምፅዋን ሌላ ቦታ እንደናፈቀ እንዴት ብሎ ይነግራታል?

ከዚያ ወዲያ መኪናዋን ዝም የሚያሰኛት ለየውብዳር መሆኑ ቀረ። ኑርዬ "ጋሼ፣ አሁንስ የሚጮህ ነገር አጣሁላት" እስኪለው ድረስ ተመላለሰ። ጣሪያውን አስለበጠ። ከኋላ ወንበር ሥር ጥጥ አስጠቀጠቀ። ሰዓቱ "ቀጭ ቀጭ" ይላል ብሎ ከዳሽቦርዱ አስነቀለው። እሑድ እሑድ "መኪናዋን ልሞክራት" እያለ ብቻውን ይወጣል። ጥምዙ ላይ ያቆማል። መስኮቶቹን ይዘጋል። ይጠብቃል።

ትመጣለች። መልክ የላትም፤ ድምፅ ብቻ ናት። የምትለው ደግሞ የውብዳር ድሮ ያለችውን ብቻ ነው። "ራት ቀርቧል።" "እግርህን ታጠብ።" "ዛሬ ምነው ዘገየህ?" ሙሽራ ሳለች ያለቻቸውን፣ እሱ የረሳቸውን ሁሉ። ቢያድግልኝ መሪው ላይ ራሱን ደፍቶ ይሰማል።

የውብዳርስ? ሴት ልጅ አይታ ዝም ትላለች እንጂ ሳታይ አትቀርም። አንድ ጠዋት መኪና ውስጥ አንድ ነገር ነገረችው፤ አልመለሰላትም። ደገመችው፤ አልመለሰላትም። ክንዱን ያዘችው።

"መኪናዋ ዝም አለች" አለችው። "አንተ ግን ባሰብህ። ድሮ ጩኸቱ ነበር የሚከለክልህ። አሁን ማንን ነው የምትሰማው?"

"ማንንም።"

"ቢያድጌ፣ ማንን ነው?"

"ማንንም አልኩሽ!" ብሎ ተቆጣ። ተቆጥቷት አያውቅም። የውብዳር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትወርድ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ያች ቀን ናት እንግዲህ። የዚያኑ ቀን ማታ ነው ነገሩ የሆነው። ጠጋ በሉ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ሲያባራ ጭጋጉ ከገደሉ ተነሥቶ መንገዱን ያዘው። ቢያድግልኝ ከቢሮው ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳ። በጠዋቱ ነገር ተጸጽቷል። ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብሎ ነው የመጣው። በሩ ጋ ቆመ። በጭጋጉ ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ አንገቷን የደፋች ሴት መጣች። በሩ ተከፈተ። ገባች። በሩ "ድፍ" ብሎ ተዘጋ።

ቢያድግልኝ አፍሮ ፊቷን አላያትም። መሪውን እያየ ነዳ።

"ጠዋት አስቀየምኩሽ" አላት።

"የውቤ፣ ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለች።

በድሮው ድምፅ! ቢያድግልኝ ልቡ ዘለለ። ልቡ ዘለለ እንጂ አልፈራም፤ ደስ ነው ያለው። ዳነች አለ። ድምፅዋ ተመለሰላት አለ። ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

"ድምፅሽ! የውቤ፣ ድምፅሽ እኮ…"

"አዎ" አለች። "ንዳ።"

ነዳ። መንገዱን ሁሉ አወራችለት። ዜማውን አዜመችለት። እሱ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ጭጋጉ መኪናዋን እንደ ጥጥ ስለሸፈናት ቀስ እያለ ነው የሚነዳው። የሚሰማ ነገር የለም፤ እሷ ብቻ።

ጥምዙ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቢያድግልኝ እንደ ልማዱ ክላክስ ሊያደርግ እጁን ዘረጋ። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያደርጋል።

"አትንካው" አለችው።

"ጥምዙ ነው እኮ፣ ሰው ቢኖርስ?"

"አንዲት ሴት አለች" አለች። "መሐል መንገድ ላይ ትቆማለች። እኔ ነኝ ትልሃለች። እንዳታቆምላት።"

ያን ጊዜ ነው ብርዱ የገባው። ከእግሩ ጀምሮ ነው የገባው። ለምን እንደሆነ ገባችሁ? ይህን የውብዳር ብላው አታውቅም። እስከዚያች ቀን ያ ድምፅ የሚለው ድሮ የተባለውን ብቻ ነበር። ይህ ግን አዲስ ነው። ይህ የራሷ ነው።

ዞሮ ሊያያት ፈለገ። አንገቱ እምቢ አለው።

ጥምዙን ታጠፈ። መብራቱ ጭጋጉን ቀደደው። መሐል መንገድ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ነጠላዋ ረጥቦ ሰውነቷ ላይ ተለጥፏል። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። ሁለት እጆቿን እያወዛወዘች አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ድምፅ ግን የለም። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም።

"ንዳ!" አለች ከጎኑ ያለችው። "ንዳ፣ ቢያድጌ! እኔ ነኝ የውብዳር! ድምፄን አታውቀውም?"

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዲቱ ከጎኑ ተቀምጣ በሚወደው ድምፅ ትጠራዋለች። አንዲቱ በጭጋግ ውስጥ ቆማ ድምፅ የላትም። የትኛይቱ ናት ሚስቱ? ለማሰብ ጊዜ የለውም። መኪናዋ ቁልቁል እየሄደች ነው።

ቢያድግልኝ የሴትዮዋን አንገት አየ። ከነጠላው ሥር፣ እዚህ ላይ፣ የስፌቱ ጠባሳ አለ።

ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው።

መኪናዋ ተንሸራትታ፣ ተንሸራትታ፣ ሴትዮዋ ጉልበት ሥር ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መሳቡን እስኪሞት ድረስ ይምል ነበር። ወደ ጎኑ ሳያይ በሩን ከፍቶ ዘለለ። ሮጦ እጇን ያዛት። እጇ ሙቅ ነው፤ የሰው ነው። ክንዷን ይዞ ከመኪናዋ ጥቂት እርምጃ ቁልቁል ራቅ አደረጋት።

"ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?" አለችው፣ በዚያች ሻካራ ድምፅ። "በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መጥተህ ቆምክ። ልገባ ስል ሄድክ። በአቋራጩ እየሮጥኩ ነው የደረስኩት። ቢያድጌ፣ ከጎንህ ሴት ተቀምጣ አየሁ። ማናት?"

"የውቤ፣ እኔ…"

አልጨረሰም። የውብዳር በትከሻው ላይ ወደ ኋላው አየች። ዓይኗ ፈጠጠ። አፏን ከፈተች፤ ልትጮህ ነው፣ ድምፅ የለም። እሱ ጀርባውን ሰጥቷል። ከኋላው ምንም አይሰማም። ሞተር አይሰማም፣ ጎማ አይሰማም፣ ጠጠር አይሰማም። ራሱ ነው ዝም ያሰኛት! የሚያየው ጥላውን ብቻ ነው፤ በጭጋጉ ላይ ጥላው እያደገ፣ እያደገ…

የውብዳር ደረቱን ይዛ ባላት ጉልበት ወደ ተራራው ወገን ጎትታ ጣለችው። በላዩ ወደቀች።

ፔጆዋ ልብሳቸውን ታክካ አለፈች። ሹፌር የላትም። ከሹፌሩ ወንበር ጎን ግን ነጠላ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች። ወደ እነሱ አልዞረችም። ፊት ፊቷን እያየች አለፈች። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደች፣ አዘነበለች፣ ጭጋጉ ዋጣት።

ስትወድቅ የሚሰማውን ድምፅ ጠበቁ። ብረት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይጮሃል አይደል? ጠበቁ። ጠበቁ። ምንም የለም። ዝም።

ከዚያ ከገደሉ ሥር፣

"ቢያድጌ!"

ቢያድግልኝ ሰውነቱ ራሱን ችሎ ተነሣ። የገዛ አፉ ሳያዘው ተከፈተ። "አ…" ሊል ነው። የውብዳር መዳፏን አፉ ላይ ጫነችበት። በሁለት እጇ ጫነችበት። እሷም ሰምታዋለች። ያን ድምፅ ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ የራሷ ነው። እንባዋ እየወረደ፣ በጆሮው፣ "አትመልስ" አለችው። "እኔም ናፍቆኛል። አትመልስ።"

እስከ መንደር በእግራቸው ወረዱ። ድምፁ ከገደሉ ውስጥ ጎን ለጎን ይከተላቸዋል። "ቢያድጌ! ራት ቀርቧል! ቢያድጌ! ዛሬ ምነው ዘገየህ?" አንዴ ቅርብ ነው፣ አንዴ ሩቅ ነው። እሱ ሊመልስ ይቃጣዋል፤ እሷ መዳፏን ታጠብቃለች። እሷ ደክሟት እጇ ሲላላ፣ እሱ ራሱ እጇን ይዞ ወደ አፉ ይመልሰዋል። ውሻ ሲጮህ ሰሙ። የቤት ብርሃን አዩ። ድምፁ ያኔ ቀረ።

በማግስቱ ጎልማሶች መጫኛ ይዘው ወደ ገደሉ ወረዱ። መኪናዋን አላገኟትም። ብረቷም፣ መስታወቷም፣ አንድ ጎማዋም የለም። ቢያድግልኝና የውብዳር ያን ክረምት ጓዛቸውን ጭነው ወደ ደጋው ከተማ ወጡ፤ ያን መንገድ ዳግመኛ አልረገጡትም። ለረጅም ዘመን አብረው ኖሩ። ይህን የነገረችኝ ራሷ የውብዳር ናት፤ በዚያች ሻካራ ድምፅዋ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። ስትናገር አፍ አፏን ያያት ነበር።

መንገዱ ዛሬም አለ። ጥምዙም አለ። ማታ ማታ ጭጋጉ ሲነሣ ያለፉ ሹፌሮች እንደሚሉት፣ አንዳንዴ ነጭ መኪና ከኋላቸው ትመጣለች፤ መብራቷ በስፖኪዮው መስታወት ውስጥ ይታያል፣ ድምፅ ግን የላትም። ጥግ ይዘው ሲያሳልፏት የሚያልፍ የለም።

አሁን ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ጨለማ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። በመንገድ ላይ የምትወዱት ሰው ድምፅ፣ የሞተ ይሁን የራቀ፣ ስማችሁን ሊጠራችሁ ይችላል። ያኔ ልባችሁን አትመኑት፤ ልብ አቤት ማለት ነው የሚፈልገው። ብቻችሁን አትሂዱ። አፋችሁን የሚይዝላችሁ ሰው ከጎናችሁ ይኑር።